«ዑመር» ድራማና ሦስቱ ሐበሾች

ለዛሬ የማነሳው ርዕስ ለአንዳንዶች የጨዋታ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ይኸውም የቴሌቪዥን ድራማ ነው። የሳተላይት ሳህን በየጣራው ከተተከለ ወዲህ፣ በተለይም ካና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥርጭቱን ጀምሮ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ፣ ድራማ በሙስሊሙ ቤት ውስጥ እንደ አንድ የቤተሰብ አባል ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይታይ ወይስ አይታይ? እስከ ምን ድረስ ይታይ? የሚለው የዑለማእ ጉዳይ ነው፤ እኔ በዚያ አልገባም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የሚያየው ሰው እንዴት ነው የሚያየው?

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ክርክር ነው። በአንድ መስጊድ ግቢ ወጣቶች ተሰብስበው ስለ ኤርቱግሩል ይጨቃጨቃሉ። አንደኛው፣ ኢብኑ ዐረቢ ለኤርቱግሩል የሰጡትን ምክር እንደ ታሪክ ማስረጃ አድርጎ አቀረበ። ሌላኛው ደግሞ ምዕራፉንና የክፍሉን ቁጥር ጠቅሶ «እንደዚያ አይደለም ያሉት» ሲል አረመው። ሰነድ እንደሚያጠራ የሐዲስ ሰው! ሁለቱም ያልጠየቁት ነገር ቢኖር፣ ሰዎቹ በእርግጥ ተገናኝተው ያውቃሉ ወይ? የሚለውን ነበር።

እንግዲህ ከመነሻው እንጀምር። የሥነ ጽሑፍ መምህራን በአንድ ድርሰት ውስጥ ሁለት ነገሮችን ይለያሉ። አንደኛው ሴራ ነው። ሴራ ሲባል በመንደር ወሬ እንደምንለው ተንኮል ማለት ሳይሆን፣ ድርጊቶች በምክንያትና በውጤት ተሳስረው የሚፈሱበት መንገድ ነው። ሁለተኛው ገፀ ባሕርይ ነው። የድራማ ጸሐፊ ሥራው በአብዛኛው ምርጫ ነው። የትኛው ድርጊት ይቅደም? የትኛው ይቅር? ማን ይናገር፣ ማን ዝም ይበል? ታሪኩ የት ላይ ይቁም? ተመልካቹ የሚያየው የተመረጠውን ብቻ ነው፤ የተጣለው አይታየውም። ስለዚህ የተጣለውን የሚያውቅ ተመልካችና የማያውቅ ተመልካች አንድ ስክሪን ፊት ቢቀመጡም የሚያዩት ድራማ አንድ አይደለም።

ለምሳሌነት የመረጥኩት «ዑመር» የተሰኘውን ተከታታይ ድራማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ረመዷን በኤም.ቢ.ሲ. የታየው ይህ ሥራ በኤም.ቢ.ሲ.ና በቀጠር ቴሌቪዥን ትብብር የተሠራ ሲሆን፣ ጸሐፊው ፍልስጤማዊ-ዮርዳኖሳዊው ወሊድ ሰይፍ፣ ዳይሬክተሩ ደግሞ ሶሪያዊው ሐቲም ዐሊ ናቸው። ሁለቱ ቀደም ሲል በሰላሑዲን አል-አዩቢና በአንደሉስ ታሪክ ላይ አብረው የሠሩ ጥንድ ናቸው። ሐቲም ዐሊ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ካይሮ ውስጥ ሞቷል። የዑመርን (ረ.ዐ) ቦታ የያዘው ሳሚር ኢስማዒል ያኔ ብዙም የማይታወቅ ወጣት ሶሪያዊ ተዋናይ ነበር።

ድራማው ገና ሳይታይ ነበር ውዝግቡ የተነሳው። አል-አዝሀር የታላላቅ ሶሐባዎችን ገፅታ በተዋናይ ማሳየትን ተቃወመ። በሌላ በኩል ዶክተር ዩሱፍ አል-ቀረዷዊ፣ ሰልማን አል-ዐውዳና ዐሊ አስ-ሰላቢን የመሳሰሉ ሰዎች የድርሰቱን ይዘት ከታሪክ አንጻር መርምረው አልፈዋል። ልዩነቱ ዛሬም አለ፤ ነገም ይኖራል። እኔን የሚገርመኝ ግን በዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ ውስጥ ሰው የተከራከረው ፊት ስለማሳየት ብቻ መሆኑ ነው። ስለ ሴራው፣ ማለትም የትኛው ዘገባ ተወሰደ የትኛው ተተወ ስለሚለው፣ የተናገሩት ጥቂቶች ናቸው። የሰው ልብ ውስጥ የሚቀረው ደግሞ ከፊቱ ይልቅ ታሪኩ ነው።

አንድ ነገር ላመስግን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በድራማው አይታዩም፤ ድምፃቸውም አይሰማም። ይህ ለአንድ ጸሐፊ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት። የታሪኩ ሁሉ ማዕከል የሆኑት ሰው ከመድረኩ የሉም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የሙስጠፋ አል-ዐቃድ «አር-ሪሳላ» ፊልም ይህን ችግር የፈታው ካሜራውን በነቢዩ ዓይን ቦታ በማድረግ ነበር፤ ሰዎቹ ወደ ካሜራው ተመልክተው ይናገራሉ፣ መልሱን ሌላ ሰው ደግሞ ያሰማናል። ወሊድ ሰይፍ ሌላ መንገድ መረጠ። ሶሐባዎቹ ከነቢዩ ዘንድ ሲወጡ ወይም ወደ እርሳቸው ሲሄዱ እናገኛቸዋለን፤ የሰሙትን ለሌላው ሲያደርሱ እንሰማለን። ይህ የሐዲስ መንገድ ነው ብል ስህተት አይመስለኝም። እኛም እኮ ነቢዩን የምናውቃቸው በሰሙት ሰዎች አንደበት ነው።

አሁን ወደ ርዕሴ ልግባ። በዚህ ድራማና በ«አር-ሪሳላ» ውስጥ እኛን በቀጥታ የሚመለከቱ ሦስት ገፀ ባሕርያት አሉ። ቢላል፣ ወሕሺና ነጃሺ። ሦስቱም ሐበሾች ናቸው። ስለ እነርሱ የጻፈው፣ ያዘጋጀውና የተጫወተው ግን ሐበሻ አይደለም። የኢትዮጵያ ሙስሊም ልጅ የአያቶቹን ፊት በስክሪን ላይ የሚያየው ሌሎች በመረጡለት መልክ ነው። ስለዚህ ምርጫቸውን መመርመር መብታችን ነው።

ስለ ቢላል (ረ.ዐ) አላስረዝምም፤ ሁሉም የሚያውቀው ነው። በሁለቱም ሥራዎች የቢላል ታሪክ በሁለት ምሰሶዎች ላይ ቆሟል። አንደኛው የኡመያ ኢብኑ ኸለፍ ሥቃይ፣ በጋለው አሸዋ ላይ ደረቱን የተጫነው ድንጋይ ነው። ሁለተኛው አዛን ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ችግሩ በመካከላቸው ያለው ሰው መጥፋቱ ነው። ቢላል የነቢዩን ወጪ የሚያስተዳድር፣ እንግዳ ሲመጣ ተበድሮ የሚያበላና የሚያለብስ፣ ባለዕዳ ሲመጣበት የሚጨነቅ ሰው እንደነበረ ራሱ የተናገረው በሱነን አቢ ዳውድ ይገኛል። ይህ ቢላል በስክሪን ላይ ብዙም አይታይም። ተገርፎ የታገሠ ባሪያና ድምፁ ያማረ ሙአዚን ብቻ ሆኖ ሲቀርብ ትልቅነቱ በከፊል ይቀነሳል።

ከበድር ውሎም አንድ ነገር ልጥቀስ። ዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ከኡመያ ጋር የቆየ ስምምነት ነበራቸው፤ አንዱ በመካ የሌላውን ንብረትና ሰው ሊጠብቅ፣ ሌላው በመዲና እንዲሁ ሊያደርግ። በበድር ቀን ዐብዱራሕማን ኡመያን ሊያተርፈው ይዞት ሲሄድ ቢላል አየው። አንሷሮችን ጠራ። ዐብዱራሕማን በራሱ አካል ሸፍኖ ሊያድነው ሞከረ፣ አልተሳካም፤ እግሩም በሰይፍ ቆሰለ። ይህ በቡኻሪ የተዘገበ ነው። አንደኛው ሶሐባ ቃሉን ሊጠብቅ ይፈልጋል፤ ሌላኛው ያንን ድንጋይ አልረሳም። የትኛው ተሳሳተ? አንዱንም አጥፊ ማድረግ አይቻልም። የሥነ ጽሑፍ መምህር «ግጭት» ሲል የሚያልመው ይህን ዓይነቱን ነው፤ ታሪካችን ውስጥ ግን ማንም ሳይፈጥረው አለ።

ወሕሺ ዘንድ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል።

የሐምዛ (ረ.ዐ) ገዳይ ሐበሻ መሆኑን ልጆቻችን የሚሰሙበት ቀን አለ። ብዙውን ጊዜም የሚሰሙት በፊልም ነው። በ«አር-ሪሳላ» ሐምዛን በእንግሊዝኛው ቅጂ አንቶኒ ኩዊን፣ በዐረብኛው ዐብደላህ ገይስ ሲጫወቱት፣ ተመልካቹ ከወደደው በኋላ ነው የሚገደለው። ገዳዩስ? ከሞላ ጎደል አንድ ቃል የማይናገር፣ ጦር የያዘ ጥቁር ሰው። ያነጣጥራል፣ ይወረውራል፣ ይሄዳል። የገዛችው ሂንድ ናት፤ ነፃነትና ብር ቃል የገባችለት እርሷ ናት። ፊልሙ በነቢዩ ሞት ስለሚያበቃም የወሕሺ የመጨረሻ ምዕራፍ በውስጡ የለም።

የቡኻሪ ዘገባ ግን ሌላ ነው። እዚያ ነፃነትን ቃል የገባለት ጌታው ጁበይር ኢብኑ ሙጥዒም ነው፤ ምክንያቱም ሐምዛ በበድር የጁበይርን አጎት ጡዐይማን ገድሎ ነበርና። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልብ በሉ፤ ዘገባውን የነገረን ወሕሺ ራሱ ነው! ዓመታት ካለፉ በኋላ ሁለት ሰዎች በሻም ምድር፣ በሒምስ ከተማ፣ ሊጠይቁት ሄዱ። በቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኙት። አንደኛው እንግዳ ከዓይኑና ከእግሮቹ በቀር ፊቱን በጥምጣሙ ሸፍኖ ነበርና ታውቀኛለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ወሕሺ እግሮቹን ተመለከተ። ያ ሰው ሕፃን ሳለ ተሸክሞት ያውቅ ነበር፤ እግሮቹ ያን ሕፃን አስታወሱት። ከዚያ ስለ ሐምዛ ጠየቁትና ተረከላቸው። በኡሑድ ቀን ከድንጋይ ሥር ማድፈጡን፣ ጦሩ የት እንዳረፈ፣ ወደ ጣኢፍ መሸሹን፣ ከመልእክተኞች ጋር ወደ ነቢዩ መምጣቱን፣ ነቢዩም እስልምናውን ተቀብለው ፊቱን ከእርሳቸው ሊያርቅ ይችል እንደሆነ መጠየቃቸውን ነገራቸው። ከዚያም በየማማ ጦርነት ያንኑ ጦር ይዞ ሐሰተኛውን ነቢይ ሙሰይሊማን መውጋቱን ጨመረላቸው።

እንግዲህ ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ። በእግሩ ጫማ ሰውን የሚለይ፣ የበደለውን ሳይደብቅ በአንደበቱ የተረከ፣ ከመጀመሪያ ዘገባዎቻችን አንዱን ያወረሰን ሰው በፊልሙ ላይ ዲዳ ተደርጓል። ፊልሙ ታላቅ ነው፤ በሌላው ዓለም ለእስልምና ያደረገውን አልክድም። አል-ዐቃድም እ.ኤ.አ. በ2005 በዐማን የቦምብ ጥቃት ሕይወቱ ያለፈ ሰው ነውና ዱዓ ይገባዋል። ይህ ምርጫ ግን ልክ አልነበረም። ተመልካቹ ሐምዛን በሙሉ ልብ እንዲያዝንለት ሲባል ወሕሺ ከሰውነት ወደ ጦር ዘንግነት ወረደ።

«ዑመር» ድራማ እዚህ ላይ የተሻለ ብቻ ሳይሆን ድንቅ ነው እላለሁ። ወሊድ ሰይፍ ለወሕሺ ሰፊ ቦታ ሰጠው። ከቢላል ጋር ያወያየዋል። አንዱ ባሪያ ነፃነቱን ከውስጥ ሲያገኝ፣ ሌላው በጌታው ቃልና በጦሩ ጫፍ ላይ ይጠብቃታል። ከኡሑድ በኋላ ነፃ ይወጣል፤ ነፃነቱ ግን አይጣፍጠውም። ድራማው ወደ አቡበክር (ረ.ዐ) የኸሊፋነት ዘመን ስለሚዘልቅም የየማማን ቀን እናያለን። ኢትዮጵያዊ ልጅ ይህን ሲያይ የሚያገኘው የሚያፍርበትን ወይም የሚኮራበትን «ዘመድ» ሳይሆን ሰው ነው። ኃጢአት ሠርቶ፣ በኃጢአቱ ተቃጥሎ፣ በሩ ክፍት ሆኖ የጠበቀው ሰው።

አንድ ጠንቃቃ አንባቢ «ይሁንና በቢላልና በወሕሺ መካከል የተደረገው ምልልስ የትኛው ኪታብ ላይ አለ?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። የትም የለም። የጸሐፊው ፈጠራ ነው። ነገር ግን ፈጠራ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሁለቱም በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን በባርነት የኖሩ ሐበሾች ነበሩ፤ ቢነጋገሩ የሚያስገርም አይደለም፤ የሚነጋገሩትም ከዘገባው ጋር አይጣላም። ይህ ዘገባው ዝም ባለበት ክፍተት ውስጥ የገባ ፈጠራ ነው። ከጁበይር ቦታ ሂንድን ማስቀመጥ ግን ዘገባው በተናገረበት ላይ መናገር ነው። የመጀመሪያውን «ድራማ ነው» ብዬ አልፈዋለሁ። ሁለተኛው ግን የሰው ስም ይዞ የሚሄድ ጉዳይ ነው። ሂንድ (ረ.ዐ) በመካ መከፈት ጊዜ የሰለመች ሴት ናት፤ ከሠራችው በላይ ልንጭንባት አይገባም።

በዚህ መለኪያ የቱርኩን «ዲሪሊሽ፦ ኤርቱግሩል» ብንመዝነው ምን እናገኛለን? በቲ.አር.ቲ. ከ2014 እስከ 2019 (እ.ኤ.አ.) በአምስት ምዕራፎች የታየው ይህ የመህመት ቦዝዳ ሥራ በፓኪስታን መንግሥት ቴሌቪዥን ሳይቀር በኡርዱ እስኪቀርብ ድረስ ገንኗል። ስለ ኤርቱግሩል ከራሱ ዘመን የተረፈው ማስረጃ ግን እጅግ ጥቂት ነው። የልጁ የዑስማን ሳንቲም ላይ የአባትየው ስም መገኘቱ ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። ሌላው አብዛኛው ከመቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ የተጻፈ ነው። ስለዚህ እዚህ ጸሐፊው የሚሞላው ክፍተት ሳይሆን ምድረ በዳ ነው። ኢብኑ ዐረቢ እ.ኤ.አ. በ1240 በደማስቆ ያረፉ የታወቁ ሰው ናቸው፤ ከኤርቱግሩል ጋር መገናኘታቸውን የሚያሳይ ሰነድ ግን የለም። በመስጊዱ ግቢ የተከራከሩት ወጣቶች ከሁለቱ ማንኛቸውም ትክክል ሊሆኑ የማይችሉት ለዚህ ነው።

እኔ ግን በዚህ ድራማ የምከፋው በፈጠራው ብዛት አይደለም። በሴራው ነው። ያስተዋለ ሰው ያየዋል፤ በየምዕራፉ ውጭ ያለው ጠላት ቢለዋወጥም ውስጥ ያለው ከሃዲ አይቀርም። ከነገዱ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ከዘመዶች አንዱ፣ ከድንኳኑ ሴቶች አንዷ ከጠላት ጋር ትሠራለች። መሪው ሁልጊዜ ትክክል ነው፤ የተቃወመው ሁሉ መጨረሻው ክህደት ነው። ድራማው ተመልካቹን ለሚቀጥለው ክፍል ለማንጠልጠል ይህ እንደሚጠቅመው ይገባኛል፤ ሁለት ሰዓት የሚፈጅን ክፍል በየሳምንቱ መሙላት ቀላል አይደለም። ነገር ግን በመቶ ሃምሳ ክፍል ይህን የተመገበ ወጣት በጀመዓው ውስጥ የተለየ ሐሳብ ያመጣን ወንድም በምን ዓይን ያየዋል? በሹራ ላይ መቃወምና መክዳት ለየቅል መሆናቸውንስ ከየት ይማራል?

በአንጻሩ ዑመርን (ረ.ዐ) እንመልከት። የሐቢብ ልጅ ይሁን የባሪያ ልጅ፣ ሴት ትሁን ሽማግሌ፣ የተቃወማቸውን የሚሰሙ ሰው ነበሩ። ከሐበሻ ጋር በተያያዘ አንድ ዘገባ አለ፤ በቡኻሪም በሙስሊምም የሚገኝ ነው። አስማ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ከባለቤቷ ከጃዕፈር ጋር በሐበሻ ዓመታት ኖራ እ.ኤ.አ. በ628 በኸይበር ዘመቻ ወቅት ወደ መዲና መጣች። ዑመር በልጃቸው በሐፍሳ ቤት አገኟትና በስደት ቀደምናችሁ፣ ለነቢዩም ከእናንተ ይልቅ እኛ ቅርብ ነን አሏት። አስማ ተቆጣች። እናንተ ከነቢዩ ጋር ነበራችሁ፤ የተራበውን ያበሉላችሁ ነበር፣ እኛ በሩቅ በባዕድ አገር ነበርን አለች። ይህን ለነቢዩ ሳትነግር እንደማትበላና እንደማትጠጣም ማለች። ነገረቻቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለዑመርና ለጓደኞቹ አንድ ስደት ሲኖራቸው፣ ለእናንተ ለመርከቧ ሰዎች ሁለት ስደት አላችሁ ብለው ፈረዱላት። ከዚያ በኋላ የሐበሻ ስደተኞች ይህን ለመስማት ብቻ ቡድን ቡድን እየሆኑ ወደ አስማ ይመጡ ነበር። ለዚህ ዘገባ አንድ ሙሉ ክፍል ቢሰጠው የምጠላ አይደለሁም። ታላቁ ዑመር በአንዲት ሴት ክርክር ሲረቱ! ገፀ ባሕርይን ከፍ የሚያደርገው ሁልጊዜ ማሸነፉ አይደለም።

የቀረው ነጃሺ ነው።

በ«አር-ሪሳላ» የእንግሊዝኛ ቅጂ ነጃሺን የተጫወተው በቤርሙዳ የተወለደው ተዋናይ ኧርል ካሜሮን ነው፤ ግርማው የሚረሳ አይደለም። ትዕይንቱም ከፊልሙ ምርጥ ክፍሎች አንዱ ነው። ዐምር ኢብኑል ዓስ ይከሳል፣ ጃዕፈር ይመልሳል፣ ስለ መርየም የወረደው ይነበባል፣ ስለ ዒሳም ይጠየቃል፣ ንጉሡ ይፈርዳል። ሁሉም በአንድ መቀመጫ ያልቃል።

ታሪኩ ግን እንዲያ አልነበረም። ዋናው ዘገባ የእናታችን የኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ነው። እርሷ እ.ኤ.አ. በ615 ከተጀመረው ስደት ባለታሪኮች አንዷ ናት፤ የነበረችበትን ነው የምትነግረን። በእርሷ ዘገባ ነገሩ ሁለት ቀን ፈጅቷል። የመጀመሪያው ቀን ጃዕፈር ተናገረ፣ ቁርኣኑ ተነበበ፣ ነጃሺም አሳልፌ አልሰጥም አለ። ዐምር ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ነገ ሥራቸውን የሚነቅል ነገር ይዤ እመጣለሁ አለ። ይህም ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) የሚሉት ነው። በማግስቱ ተጠሩ። ጥሪው ሲደርሳቸው ስደተኞቹ ተሰብስበው ስለ ዒሳ ሲጠይቃችሁ ምን ልትሉ ነው? ተባባሉ። ኡሙ ሰለማ እንደምትለው እንደዚያ ያለ ጭንቅ ደርሶባቸው አያውቅም። የንጉሡ ጳጳሳት ያሉበት ሸንጎ ነው፤ አገሩ የሰው ነው፤ ከኋላቸው ቁረይሽ፣ ከፊታቸው ባሕር። የሚያስደስት መልስ አለ፤ እውነተኛ መልስም አለ። የመጣው ይምጣ፣ አላህ ያለውን፣ ነቢያችን ያመጡትን እንላለን ብለው ተስማሙ።

ይህ ምክክር ነው የተጣለው! ሁለቱ ቀናት ሲጨፈለቁ የጃዕፈር መልስ የአንድ አንደበተ ርቱዕ ሰው ብልሃት ሆኖ ቀረ። በዘገባው ግን የብዙ ሰዎች፣ የወንዶችና የሴቶች፣ በፍርሃት ውስጥ የተወሰነ ውሳኔ ነበር። በባዕድ አገር ጥገኝነት ጠይቆ የሚያውቅ፣ ዛሬም በሰው አገር በቢሮ ደጃፍ ምን ብዬ ልመልስ እያለ የሚያድር ስደተኛ ከጃዕፈር ንግግር ይልቅ ያንን ጭንቀት ያውቀዋል።

ሁለተኛው የተጣለ ነገር የነጃሺ የራሱ ታሪክ ነው። ነጃሺ የቁረይሽን ስጦታ ሲመልስ፣ አላህ መንግሥቴን ሲመልስልኝ ከእኔ ጉቦ አልወሰደም የሚል መልስ መስጠቱ ተዘግቧል። ምን ማለቱ ነው? በኢብኑ ኢስሐቅ ሲራ ዓኢሻን (ረ.ዐ) ጠቅሶ ዑርዋ እንደሚያብራራው፣ አባቱ ተገድሎ ሥልጣኑ ወደ አጎቱ ዞሮ ነበር። መኳንንቱ ብላቴናው አድጎ እንዳይበቀላቸው ፈሩና በገበያ ለአንድ ነጋዴ በስድስት መቶ ዲርሃም ሸጡት። በዚያው ዕለት አጎትየው በመብረቅ ሞተ፤ ልጆቹም የማይረቡ ሆኑ። ሰዎቹ ሮጠው ብላቴናውን ከነጋዴው ነጥቀው አነገሡት። ነጋዴው ገንዘቤን ብሎ ሲመጣ የአዲሱ ንጉሥ ፍርድ ገንዘቡ ይመለስለት የሚል ነበር፤ ስለ ፍትሐዊነቱ መጀመሪያ የታወቀውም በዚህ ነው ይላሉ።

ይህን ካነበብኩ ወዲህ ሦስቱን ሐበሾች ለያይቼ ማየት አልችልም። ቢላል የተሸጠ ነው። ወሕሺ የሰው ንብረት ነበር። ነጃሺም ዙፋን ላይ የተቀመጠ የተሸጠ ሰው ነው። በስክሪን ላይ ግን ሁለቱ ባሪያዎች በአንድ ወገን፣ ንጉሡ በሌላ ወገን ሆነው ቀርበዋል። ለዐረብ ጸሐፊ ይህ አይታየው ይሆናል፤ አልፈርድበትም። እኛ ግን ልናየው በተገባ ነበር። እስካሁን ስለ ሐበሻው ስደት በአማርኛ ይህን ሁሉ አካቶ የተሠራ ተከታታይ ድራማ አላየሁም። ገንዘብ የለም ይባላል። ፈረስና ግመል ይጠይቃል ይባላል። ኡሙ ሰለማ የተረከችውን ለመጻፍ ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ወረቀት ነው።

ለመጻፍ የሚነሳ ወጣት ካለ ከየት እንደሚጀምር ሐሳቤን ልስጥ። ከሸንጎው አይጀምር፤ ሸንጎውን ሁሉም ያውቀዋል። ኡሙ ሰለማ ከዚያ በኋላ የሆነውን ትነግረናለች። በነጃሺ ላይ መንግሥቱን የሚቀማ ተቀናቃኝ ተነሳበት። ስደተኞቹ እንደዚያ ዘመን አዝነው አያውቁም፤ ያ ሰው ቢያሸንፍ መብታቸውን እንደ ነጃሺ አያውቅላቸውምና። ሁለቱ ጦሮች ከወንዙ ማዶ ተሰለፉ። ማን ሄዶ ወሬውን ያመጣልናል? ሲሉ በዕድሜ ከሁሉም ያነሰው ዙበይር ኢብኑል ዐዋም እኔ አለ። አቁማዳ ነፍተው በደረቱ ላይ አሰሩለት፣ በላዩ ላይ ሆኖ ዋኝቶ ተሻገረ። የቀሩት ከወዲህ ማዶ ቆመው ለንጉሡ ድል ዱዓ ያደርጋሉ። ሴቶቹ ውሃውን ያያሉ። ድንገት ዙበይር እየሮጠ፣ ልብሱን እያውለበለበ ብቅ አለ።